ከበረንዳው ባሻገር የሚታየው ሜዳ፦ የሳፋሪ ሎጆች ገቢና የባለይዞታዎቹ ድርሻ

በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ ሰፋፊ ሜዳዎች አፋፍ ላይ የተሠሩ የሳፋሪ ሎጆች በዓለም የቱሪዝም ገበያ ከፍተኛ ዋጋ ከሚጠየቅባቸው ማረፊያዎች መካከል ይመደባሉ። በእነዚህ ሎጆች የሚያድር አንድ እንግዳ ለአንድ ሌሊት ከጥቂት መቶ ዶላር አንስቶ ከ2 ሺህ ዶላር በላይ እስከመክፈል ይደርሳል። ክፍያው ለአልጋው ምቾትና ለምግቡ ጥራት ብቻ ቢሆን ኖሮ እንግዳው አህጉር አቋርጦ መምጣት ባላስፈለገው ነበር። ለሽያጭ የሚቀርበው ዋነኛ ነገር ከበረንዳው ላይ ሆኖ የሚታየው ሜዳና በሜዳው ላይ የሚሰማራው የዱር እንስሳ ነው።

ይሁንና ሜዳው በአብዛኛው የሎጁ ባለቤት ንብረት አይደለም። በመንግሥት ፓርክነት የተከለለ፣ በአርብቶ አደሮች ይዞታ ሥር የሚገኝ ወይም ከእነርሱ በኪራይ የተወሰደ መሬት ነው። በመሆኑም የሳፋሪ ሎጅ ሥራ ዘላቂ የሚሆነው ሜዳውን ክፍት አድርገው ያቆዩት ሰዎች ከሥራው ተጠቃሚ መሆናቸው ሲረጋገጥ ነው። የኬንያና የታንዛኒያ ተሞክሮ ይህንን በግልጽ ያሳያል። በአገራችን በብሔራዊ ፓርኮችና በአካባቢያቸው የእንግዳ ማረፊያዎች እየተስፋፉ በሚገኙበት በአሁኑ ወቅትም ተሞክሮው በዘርፉ ለሚሠሩ አካላት ትምህርት የሚሰጥ ነው።

ሎጆቹ የተሠሩባቸው ሥፍራዎች

በኬንያ የሚገኘው የማሳይ ማራ ብሔራዊ ጥብቅ ሥፍራ 1 ሺህ 510 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ በታንዛኒያ የሚገኘው የሴሬንጌቲ ብሔራዊ ፓርክ ደግሞ 14 ሺህ 763 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት አላቸው። ሁለቱ ሥፍራዎች በአገሮች ድንበር የተከፈሉ ቢሆኑም በተፈጥሮ አንድ ሥርዓተ ምህዳር ናቸው። ዊልድቢስት የተባሉ 1 ነጥብ 3 ሚሊዮን ገደማ ሣር በል እንስሳት ከ200 ሺህ ከሚጠጉ የሜዳ አህዮች ጋር በመሆን ዝናቡንና ሣሩን እየተከተሉ በየዓመቱ ይህንን ምድር ይዞራሉ። እንስሳቱ በዓመቱ የመጀመሪያ ወራት በደቡብ ሴሬንጌቲ ሜዳ ይወልዳሉ፤ ከሐምሌ ወር በኋላ ባሉት ወራት ደግሞ የማራን ወንዝ ተሻግረው ወደ ኬንያ ይገባሉ።

ከሴሬንጌቲ በስተደቡብ ምሥራቅ የሚገኘው የንጎሮንጎሮ ጥብቅ ሥፍራ ከ8 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሸፍናል። በውስጡ የሚገኘው በእሳተ ገሞራ መደርመስ የተፈጠረ ጎድጓዳ ሜዳ ከአፋፉ እስከ ወለሉ 600 ሜትር ያህል ጥልቀት አለው። በአፋፉ ላይ የተሠሩት ሎጆች ከባህር ወለል በላይ ከ2 ሺህ 200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ ሌሊቱ ብርዳማ ነው። እንግዳው ማለዳ መስኮቱን ሲከፍት ከታች ደመና የሸፈነውን ሜዳ፣ ደመናው ሲገለጥም ጎሾችንና የሜዳ አህዮችን ከርቀት ያያል።

ሎጆች በኮረብታ፣ በቋጥኝ ክምር ወይም በገደል አፋፍ ላይ እንዲሠሩ የሚመረጠው ለእይታ ብቻ አይደለም። ከፍታው ከጎርፍ ይከላከላል፣ ነፋስ ያስገኛል፣ እንስሳቱም በውኃ መጠጫቸውና በግጦሻቸው ላይ በሰው እንቅስቃሴ እንዳይረበሹ ያግዛል። እ.ኤ.አ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በጥብቅ ሥፍራዎቹ ውስጥ የተሠሩት ሎጆች ብዙ ክፍሎች የነበሯቸውና ብዙ ጎብኚ ለማስተናገድ የታቀዱ ነበሩ። ከጊዜ በኋላ ግን አሥር ወይም አሥራ ሁለት ድንኳን ብቻ ያላቸው፣ ጥቂት እንግዳ በከፍተኛ ዋጋ የሚቀበሉ ማረፊያዎች እየተበራከቱ መጥተዋል። እነዚህ ድንኳኖች በስም ድንኳን ይባሉ እንጂ የእንጨት ወለል፣ የተሟላ መታጠቢያ ቤትና ወደ ሜዳው የዞረ በረንዳ ያላቸው ናቸው።

የአንድ ቀን ቆይታ

በሳፋሪ ሎጅ የሚውል እንግዳ መርሐ ግብር በእንስሳቱ ባሕርይ የተወሰነ ነው። አንበሳ፣ ነብርና ጅብ በብዛት የሚንቀሳቀሱት ፀሐይ ሳትበረታ በመሆኑ እንግዳው ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ይቀሰቀሳል። ትኩስ ቡና ወይም ሻይ ከቀመሰ በኋላ ከአስጎብኚው ጋር በመኪና ይወጣል። እንስሳቱ በጥላ ሥር በሚያርፉበት የቀትር ሰዓት እንግዳውም በሎጁ ያርፋል። ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ዳግም ወጥቶ ፀሐይ ስትጠልቅ በሜዳው ላይ ቆሞ ይመለከታል።

አብዛኞቹ ሎጆች ዙሪያቸውን አጥር የላቸውም። ጉማሬ፣ ዝሆንና ጎሽ ሌሊት በድንኳኖቹ መካከል ሊያልፉ ይችላሉ። በዚህም ምክንያት ከመሸ በኋላ እንግዳ ከምግብ አዳራሹ ወደ ማደሪያው የሚሄደው በጥበቃ ታጅቦ ነው። በማራ አካባቢ ይህንን ሥራ የሚሠሩት በአመዛኙ የአካባቢው የማሳይ ተወላጆች ናቸው። የአውሬውን ድምፅና ዱካ ከልጅነታቸው ጀምሮ ስለሚያውቁ እውቀታቸው ለሎጁ ደህንነት መሠረት ነው።

ከዚህ አገልግሎት ጀርባ ሰፊ ዝግጅት አለ። የምግብ ሸቀጥ ከናይሮቢ ወይም ከአሩሻ በጭነት መኪና ይጓጓዛል፤ እንግዶች በአነስተኛ አውሮፕላኖች የሣር ወይም የጠጠር ማረፊያ ላይ ያርፋሉ፤ ውኃ ከጉድጓድ ይሳባል፤ የኤሌክትሪክ ኃይል ቀድሞ ከጄኔሬተር ይገኝ የነበረ ሲሆን አሁን በብዙ ሥፍራ ከፀሐይ ብርሃን ይመነጫል። ደረቅ ቆሻሻ ተለይቶ ከሥፍራው ይወጣል፤ ፍሳሽ ወደ ወንዝ እንዳይገባ መጣራት አለበት። ማራን የመሰለ ወንዝ ከሎጆቹ በታች ለሚኖረው ሕዝብና ከብትም መጠጥ በመሆኑ የዚህ ሥራ ጉድለት በሎጁ ቅጥር ብቻ ተወስኖ አይቀርም።

እንግዳው የሚከፍለው ገንዘብ ወዴት ይሄዳል?

የአንድ ሌሊት ዋጋ በአብዛኛው መኝታን፣ ምግብንና የጉብኝት ጉዞን አጠቃሎ ይይዛል። ከዚህ በተጨማሪ የፓርክ መግቢያ አለ። ለምሳሌ በማሳይ ማራ ብሔራዊ ጥብቅ ሥፍራ አንድ የውጭ አገር አዋቂ ጎብኚ እ.ኤ.አ ከ2024 ጀምሮ በዓመቱ የመጀመሪያ ስድስት ወራት በቀን 100 ዶላር፣ ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ ባሉት የአውሮፓውያኑ ወራት ደግሞ በቀን 200 ዶላር እንዲከፍል ተወስኗል። ይህ ገንዘብ የሚሰበሰበው ጥብቅ ሥፍራውን በሚያስተዳድረው የናሮክ አውራጃ አስተዳደር በኩል ነው።

የቀረው የሎጁ ዋጋ በበርካታ እጆች ይከፋፈላል። ጉዞውን በውጭ አገር የሸጠው ወኪል ድርሻ አለው። ከውጭ የሚገቡ የምግብና የመጠጥ ዓይነቶች፣ ተሽከርካሪዎችና መለዋወጫዎች ወጪያቸው ወደ ውጭ ይወጣል። የሎጁ ባለሀብት የውጭ ኩባንያ ከሆነ ትርፉም እንዲሁ ሊሆን ይችላል። በአገር ውስጥ የሚቀረው ግብር፣ ደመወዝ፣ የአካባቢ ግዥና ለመሬቱ የሚከፈለው ኪራይ ነው። በተለይ የመጨረሻው፣ ማለትም ለመሬቱ የሚከፈለው፣ ሜዳው ወደፊት ሜዳ ሆኖ ይቀጥል ወይም አይቀጥል የሚለውን ጥያቄ የሚወስን ነው።

ሜዳው ሰው ያልነካው ነውን?

በማስታወቂያዎች ላይ እነዚህ ሜዳዎች የሰው እጅ ያልደረሰባቸው ተደርገው ይቀርባሉ። ታሪክና ሳይንስ የሚያሳዩት ግን ከዚህ የተለየ ነው። እ.ኤ.አ በ2018 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የታተመ ጥናት በደቡብ ምዕራብ ኬንያ በናሮክ አካባቢ ከ1 ሺህ 500 እስከ 3 ሺህ 700 ዓመታት ገደማ ያስቆጠሩ የጥንት አርብቶ አደሮች የከብት በረቶችን መርምሯል። በበረቶቹ የተከማቸው ፍግ አፈሩን በንጥረ ነገር አበልጽጎ ሣር የሚበዛባቸው ጨፌዎችን እንደፈጠረ፣ የዱር እንስሳትም እስከ ዛሬ በእነዚህ ሥፍራዎች እንደሚሳቡ ጥናቱ አመልክቷል።

የሜዳው የቅርብ ዘመን ታሪክ ደግሞ ከአገራችን ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ በ1887 ገደማ ከጣሊያን ጦር ጋር በምፅዋ በኩል በገቡ ከብቶች የመጣው የከብት ደስታ በሽታ በኢትዮጵያ አብዛኛውን የቀንድ ከብት ፈጅቷል፤ ክፉ ቀን በመባል ለሚታወቀው ረሃብም ዋነኛ ምክንያት ሆኗል። በሽታው በዚያ ሳይገታ ወደ ደቡብ ዘልቆ እ.ኤ.አ በ1890 እና በ1891 ገደማ የማሳይን ምድር አዳረሰ። የማሳይ ከብቶች አለቁ፤ ሕዝቡም በረሃብና በፈንጣጣ ተጎዳ። ጎሽና ዊልድቢስትም በዚሁ በሽታ ረገፉ። በቀጣዮቹ ዓመታት ወደ ሥፍራው የመጡ አውሮፓውያን ያገኙት ባዶ የሚመስል መሬት የዚህ እልቂት ውጤት ነበር።

በሴሬንጌቲ የዊልድቢስት ቁጥር እ.ኤ.አ እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ከ250 ሺህ ብዙም የማይበልጥ ነበር። በዙሪያው የሚገኙ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን ማስከተብ ሲጀምሩ ግን በሽታው ከዱር እንስሳቱም ጠፋ። እ.ኤ.አ በ1970ዎቹ መጨረሻ ቁጥሩ ወደ 1 ነጥብ 3 ሚሊዮን አደገ። የዱር እንስሳቱ አልተከተቡም፤ የዳኑት የጎረቤቶቻቸው ከብቶች በመከተባቸው ነው። የከብት ደስታ በሽታ እ.ኤ.አ በ2011 ከዓለም መጥፋቱ በይፋ ታውጇል። እ.ኤ.አ በ1990ዎቹ በአፋር ሙቀት የሚቋቋም ክትባት በማኅበረሰብ የእንስሳት ጤና ሠራተኞች አማካይነት መሰጠቱ በሽታውን ከአፍሪካ ቀንድ ለማጥፋት ከፍተኛ አስተዋጽኦ ማድረጉም የሚታወስ ነው።

ከዚህ ታሪክ መረዳት የሚቻለው፣ ዛሬ ከሎጆች በረንዳ ላይ የሚታየው የእንስሳት ብዛት በአርብቶ አደሮች የግጦሽ አያያዝና በእንስሳት ሐኪሞች ሥራ ጭምር የተገኘ መሆኑን ነው።

ነዋሪዎችን የማንሳት መንገድና ያስከተለው ችግር

የቅኝ ግዛት አስተዳደር ሜዳውን ለመጠበቅ የመረጠው መንገድ ነዋሪውን ማስወጣት ነበር። እ.ኤ.አ በ1951 የተቋቋመው የሴሬንጌቲ ፓርክ በ1959 ዳግም ሲካለል በውስጡ ይኖሩ የነበሩት ማሳዮች ወደ ንጎሮንጎሮ እንዲዛወሩ ተደርጓል። ንጎሮንጎሮ በዚያው ዓመት የተቋቋመው የዱር እንስሳትና አርብቶ አደሮች በአንድነት የሚኖሩበት ሥፍራ እንዲሆን ነበር። ይሁንና ከነፃነት በኋላ እ.ኤ.አ በ1974 በጎድጓዳው ሜዳ ወለል ላይ የነበሩት ነዋሪዎች እንዲወጡ ተደረገ፤ በቀጣዩ ዓመትም በጥብቅ ሥፍራው እርሻ ተከለከለ።

ጉዳዩ እስከ ቅርብ ጊዜም አልተቋጨም። የታንዛኒያ መንግሥት የሕዝቡና የከብቱ ቁጥር መጨመር ለጥብቅ ሥፍራው አስጊ ሆኗል በማለት እ.ኤ.አ ከ2022 ጀምሮ ነዋሪዎችን በታንጋ ክልል ሐንዴኒ ወረዳ ወደምትገኘው ምሶሜራ ማዛወር ጀምሯል። መንግሥት ዝውውሩ በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ መሆኑን ሲገልጽ፣ የሰብዓዊ መብት ድርጅቶችና የማሳይ ተወካዮች ግን በአካባቢው የጤናና የትምህርት አገልግሎት እንዲዳከም በማድረግ ነዋሪው እንዲለቅ ግፊት ተደርጎበታል ሲሉ ተቃውመዋል። እ.ኤ.አ በነሐሴ 2024 በሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎች ወደ ሴሬንጌቲ በሚወስደው መንገድ ላይ የተቃውሞ ሰልፍ አድርገዋል። ጎብኚዎችን የጫኑ መኪናዎች የሚያልፉት በዚሁ መንገድ ነው።

ባለይዞታው ተጠቃሚ ካልሆነ

ሌላው ትምህርት የሚገኘው ከማራ በስተሰሜን ምሥራቅ ከሚገኘው የሎይታ ሜዳ ነው። ይህ ሜዳ ከጥብቅ ሥፍራው ውጭ ቢሆንም በኬንያ በኩል የሚኖረው የዊልድቢስት መንጋ የሚወልደው በዚያ ነበር። መሬቱ ለስንዴ እርሻ ተስማሚ በመሆኑ እ.ኤ.አ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ባለይዞታዎቹ ለሜካናይዝድ እርሻ ማከራየት ጀመሩ። ከዱር እንስሳው የሚያገኙት ጥቅም አልነበረም፤ ከስንዴው ግን ኪራይ ያገኙ ነበር። እ.ኤ.አ በ1977 ወደ 119 ሺህ ይገመት የነበረው የዚህ መንጋ ቁጥር በ1997 ወደ 22 ሺህ አሽቆልቁሏል። በሃያ ዓመታት ውስጥ ከአምስቱ አራቱ ጠፉ ማለት ነው።

በጥብቅ ሥፍራው ውስጥ የሚገኙት ሎጆች በዚህ ወቅት ሥራቸውን አላቋረጡም። ነገር ግን በጥበቃ ሥር ያለው መሬት ብቻውን እንስሳቱን ሊያቆይ እንደማይችል ግልጽ ሆነ። በኬንያ ከዱር እንስሳው ከግማሽ የሚበልጠው የሚኖረው ከመንግሥት ፓርኮች ውጭ ነው።

ችግሩን ያባባሰው የመሬት ይዞታ ለውጥ ነበር። በናሮክ የማሳይ መሬት እ.ኤ.አ በ1968 በወጣ ሕግ መሠረት በቡድን ይዞታነት ተመዝግቦ ነበር። ከጊዜ በኋላ የቡድን ይዞታዎቹ እየተሸነሸኑ ለየአባሉ በግል ተሰጡ። እያንዳንዱ ባለይዞታ መሬቱን የማጠር፣ የማረስ ወይም የመሸጥ መብት አገኘ። አጥር ሲበዛ የከብትም የዱር እንስሳትም መንገድ ተዘጋ።

የማራ ኮንሰርቫንሲዎች አሠራር

ለዚህ ሁኔታ የተሰጠው ምላሽ ኮንሰርቫንሲ በመባል የሚታወቀው የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው። እ.ኤ.አ በ2005 ኦል ኪንዬይ፣ በ2009 ማራ ኖርዝ፣ በ2010 ናቦይሾ ተቋቋሙ፤ ሌሎችም ተከተሉ። አሠራሩ በሚከተለው መልኩ ይገለጻል።

ጎን ለጎን የሚገኙ በመቶዎች የሚቆጠሩ ባለይዞታዎች መሬታቸውን ሳያጥሩና ሳያርሱ በአንድነት ለኮንሰርቫንሲው ያከራያሉ። በሥፍራው የሚሠሩት ሎጆች ኪራዩን በጋራ ይሸፍናሉ። ክፍያው በመሬቱ ስፋት የሚሰላ ሲሆን ጎብኚ ቢበዛም ቢያንስም ቋሚ እንዲሆን ይደረጋል። ገንዘቡ በባለይዞታው የባንክ ሒሳብ በቀጥታ ይገባል። ይህ አሠራር ቀደም ሲል በነበረው ሥርዓት ገንዘብ በመሪዎችና በኮሚቴዎች እጅ ይባክን የነበረበትን ቀዳዳ ለመድፈን ታስቦ የተቀረጸ ነው።

በሌላ በኩል የሎጆቹ ቁጥር ገደብ ይደረግበታል። በኦል ኪንዬይ የተያዘው ደንብ ለ700 ኤከር፣ ማለትም ለ283 ሄክታር ያህል መሬት፣ ከአንድ ድንኳን በላይ እንዳይተከል የሚያግድ ነው። ገደቡ እንስሳቱ እንዳይጨናነቁ ያደርጋል፤ ለሎጁም ከፍተኛ ዋጋ ለመጠየቅ ያስችለዋል። በብሔራዊ ጥብቅ ሥፍራው የተከለከሉት የሌሊት ጉብኝትና የእግር ጉዞም በኮንሰርቫንሲዎቹ ይፈቀዳሉ። በመሆኑም ባለይዞታው ስለ ሜዳው ባዶነት ይከፈለዋል፤ ሎጁ ደግሞ ያንኑ ባዶነት ለእንግዳው ይሸጣል።

የከብት ግጦሽ ጉዳይ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከፍተኛ ቅሬታ አስነስቶ ነበር። አርብቶ አደሩ ኪራይ እየተቀበለ ከብቱን የት ያሰማራ የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ በመቅረቱ ወደ ክልሉ የገቡ ከብቶች ባለቤቶች ይቀጡ ነበር። ከጊዜ በኋላ ብዙዎቹ ኮንሰርቫንሲዎች ከብት በመርሐ ግብርና በፈረቃ እንዲሰማራ ፈቅደዋል። ረጅም ሣር የማይመርጡ የዱር እንስሳት ከብት ግጦ ባሳጠረው ሥፍራ ስለሚሰማሩ አሠራሩ ለሁለቱም ወገን የሚጠቅምበት ሁኔታ ተፈጥሯል። የኬንያ ፓርላማ እ.ኤ.አ በ2013 ያወጣው የዱር እንስሳት ጥበቃ ሕግም ለኮንሰርቫንሲዎች ሕጋዊ እውቅና ሰጥቷል።

አሠራሩ ጉድለት የለበትም ማለት አይደለም። ኪራዩ የሚከፈለው ለባለይዞታው በመሆኑ፣ የይዞታ ማረጋገጫውም በአብዛኛው በወንድ አባወራ ስም የተመዘገበ በመሆኑ፣ ሴቶችና መሬት ያልደረሳቸው ወጣቶች ከቀጥታ ክፍያው ውጭ ሆነዋል። ከክልሉ የወጣው ከብት በዙሪያው ባሉ መሬቶች ላይ ጫና ፈጥሯል። እ.ኤ.አ በ2020 በኮቪድ 19 ምክንያት በረራ ሲቋረጥም ሎጆቹ ባዶ ቀሩ፤ በበርካታ ኮንሰርቫንሲዎች ባለይዞታዎቹ የተቀነሰ ኪራይ ለመቀበል ተገደዱ። ከአንድ የገቢ ምንጭ ጋር ብቻ የታሰረ ጥበቃ ምን ያህል ተጋላጭ እንደሆነ ያ ወቅት አሳይቷል። ያም ሆኖ አብዛኞቹ ስምምነቶች አልፈረሱም። ለዚህም ዋነኛው ምክንያት ባለይዞታዎቹ በውሉ ላይ ተደራዳሪ ወገን መሆናቸው ነው።

የሌሎች አገሮች ተሞክሮ

ቦትስዋና እ.ኤ.አ በ1990 ባወጣችው የቱሪዝም ፖሊሲ የጎብኚውን ቁጥር አሳንሶ ከእያንዳንዱ ጎብኚ የሚገኘውን ገቢ ማሳደግ የሚል አቅጣጫ ተከትላለች። ናሚቢያ እ.ኤ.አ በ1996 ሕጓን በማሻሻል በጋራ መሬት ላይ የሚኖሩ ማኅበረሰቦች ኮንሰርቫንሲ አቋቁመው ከዱር እንስሳት ገቢ እንዲያገኙ ፈቅዳለች። መሬቱ የመንግሥት ሆኖ ይቆያል፤ የመጠቀምና ከሎጅ ባለሀብት ጋር የመዋዋል መብት ግን የማኅበረሰቡ ነው። በአሁኑ ወቅት በናሚቢያ ከ80 በላይ ኮንሰርቫንሲዎች ተመዝግበዋል። ሩዋንዳ በበኩሏ ከፓርኮች የቱሪዝም ገቢ ለአካባቢው ማኅበረሰብ ልማት የምትመድበውን ድርሻ እ.ኤ.አ በ2005 ከነበረበት 5 በመቶ በ2017 ወደ 10 በመቶ ከፍ አድርጋለች።

ለአገራችን ያለው ትርጉም

በኢትዮጵያ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ የኬንያው የግል ኪራይ አሠራር እንዳለ ሊቀዳ አይችልም። ለናሚቢያው የሚቀርብ፣ በመጠቀም መብት ላይ የተመሠረተ አሠራር ግን ከሕጋችን ጋር ሊጣጣም ይችላል። የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 5 አርብቶ አደሮች ለግጦሽም ሆነ ለእርሻ መሬት በነፃ የማግኘት፣ ከመሬታቸው ያለመፈናቀል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አንቀጽ 43 ደግሞ ዜጎች አባል የሆኑበትን ማኅበረሰብ በሚመለከቱ የልማት ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ አስተያየታቸውን የመስጠት መብት እንዳላቸው ያስቀምጣል።

የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ በ1966 ሲቋቋም የከረዩና የአፋር አርብቶ አደሮች ነባር የግጦሽ መሬታቸውን አጥተዋል። በዚያው ዘመን በአካባቢው የስኳር እርሻ በመስፋፋቱ ጫናው ተደራራቢ ነበር። ሳላ የሚሰማራበት የኢላላ ሳላ ሜዳ ለአሥርት ዓመታት የግጦሽ ውዝግብ መነሻ ሆኖ መቆየቱ ይታወቃል። ከፏፏቴው አጠገብና በገደሉ አፋፍ ለእንግዶች የተሠሩት ማረፊያዎች የሚያሳዩት እይታ የተገኘው በእነዚህ አርብቶ አደሮች ዋጋ ጭምር መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

በሌላ በኩል በሰሜን ሸዋ በመንዝ የሚገኘው የጓሳ ማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ የተለየ ታሪክ አለው። ነዋሪው የጓሳን ሣር ለክዳንና ለገመድ ለመጠቀም ሲል ሥፍራውን በራሱ ሥርዓት ለረጅም ዘመናት ጠብቆ አቆይቶታል። ሣሩ ለዓመታት ተከልሎ ይቆይና በስምምነት በተወሰነ ቀን ይከፈት ነበር። እ.ኤ.አ በ1975 የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ቢናጋም ማኅበረሰቡ መልሶ አደራጅቶታል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዛሬም በዚያ ይገኛሉ፤ እንግዶችም በማኅበረሰቡ ማረፊያ ያድራሉ። ማረፊያው እንደ ማራ ሎጆች የቅንጦት አይደለም። ጥበቃው ግን ከማራ ኮንሰርቫንሲዎች በፊት የነበረ ነው።

በቅርብ ዓመታት በኮይሻ ፕሮጀክት በጨበራ ጩርጩራ ብሔራዊ ፓርክ የተገነባው የዝሆን ዳና ሎጅ ዘርፉ በአገራችን አዲስ ምዕራፍ ላይ መድረሱን ያመለክታል። እንዲህ ያሉ ማረፊያዎች ሲታቀዱና ሲተዳደሩ ከምሥራቅ አፍሪካ ተሞክሮ በመነሳት ትኩረት ሊሰጣቸው የሚገቡ ጉዳዮች አሉ።

አንደኛ፣ የማኅበረሰቡ ድርሻ ከሥራው መጀመር በፊት በውል ሊቀመጥ ይገባል። ከትርፍ የሚከፈል ድርሻ ትርፍ የለም በሚል ሊቀር ስለሚችል ከገቢ ወይም በቋሚ ክፍያ መልክ ቢወሰን ይመረጣል። ሁለተኛ፣ ገንዘቡ ለተጠቃሚው በምን መንገድ እንደሚደርስ፣ ሴቶችና ወጣቶች እንዴት እንደሚካተቱ በዝርዝር መታወቅ አለበት። ሦስተኛ፣ የክፍሎች ብዛት በሥፍራው የመሸከም አቅም ሊወሰንና በኋላም በየምክንያቱ እንዳይጨምር ሊጠበቅ ይገባል። አራተኛ፣ በድርቅ ወቅት ከብት የት እንደሚሰማራና የት ውኃ እንደሚጠጣ የማይመልስ የፓርክ እቅድ በመጀመሪያው ድርቅ እንደሚጣስ አስቀድሞ መገንዘብ ያስፈልጋል። አምስተኛ፣ በአካባቢው የከብት ክትባትና የእንስሳት ሕክምና የዱር እንስሳት ጥበቃ አካል ተደርጎ ሊታይ ይገባል። ስድስተኛ፣ ጎብኚ በሚጠፋበት ወቅት ባለይዞታዎችን የሚደግፍ መጠባበቂያ ከገቢው ሊቀመጥ ያስፈልጋል።

እነዚህ ተግባራት የሚጠይቁት ከግንባታው ወጪ ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ነው። ሎጅ በሁለትና በሦስት ዓመት ሊሠራ ይችላል። የሎይታ ሜዳ ግን በሃያ ዓመት ውስጥ ያጣውን መንጋ በገንዘብ መልሶ ማምጣት አልተቻለም። በመሆኑም የፓርክ ኃላፊዎች፣ የወረዳና የዞን አስተዳደሮች እንዲሁም የኢንቨስትመንት ጽሕፈት ቤቶች የሎጅ ፈቃድ ሲሰጡ ከሕንፃው ንድፍ ጋር እኩል የሜዳውን ባለይዞታዎች ውል ሊመረምሩ ይገባል።